ግብርና ፍሬው

በቋንቋችን «ግብር» የሚባለው ቃል ሦስት ነገር ይይዛል። በግእዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፥ አደረገ ማለት ነውና ግብር በመጀመሪያ ሥራ ነው። በሁለተኛው ትርጓሜው ባላገር ከምርቱ፥ ነጋዴ ከትርፉ፥ ሠራተኛ ከደመወዙ ለመንግሥት የሚከፍለው ነው። በሦስተኛው ደግሞ በቀድሞው ዘመን ንጉሥ ወይም መኰንን በአዳራሹ ሠራዊቱንና ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያበላበት ማእድ ነው፤ «ዛሬ ግብር አለ» ሲባል በጌታው አዳራሽ ይበላል፥ ይጠጣል ማለት ነበር። ሦስቱ በአንድ ስም መጠራታቸው አንድ ሰንሰለት መሆናቸውን ያስታውሰናል። ሰው ይሠራል፤ ከሠራው ይከፍላል፤ የከፈለውም ማእድ ሆኖ ወደ ሕዝቡ ይመለሳል። ከሦስቱ ቀለበቶች አንዱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ሥራው ከንቱ ድካም፥ ክፍያው ዝርፊያ፥ ማእዱም የጥቂቶች ጮማ ይሆናል።

እኛ መምህራን ይህን ጉዳይ ከሩቅ ሆነን የምንመለከተው አይደለም። የደመወዛችን ግብር ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ ተቀንሶ ይቀራል። ከተረፈው ላይ ሳሙናና ጫማ ስንገዛ ለሁለተኛ ጊዜ እንከፍላለን። ከዚህም በላይ ነገ ከፋይ፥ ሸማች፥ ነጋዴና ሹም የሚሆኑትን ልጆች ዛሬ በፊታችን አስቀምጠን እናስተምራለን። ኑሮ በተወደደበትና የመንግሥትም ካዝና በሳሳበት ዘመን «ዜጋ ኃላፊነቱን ይወጣ» የሚለው ቃል ከየአቅጣጫው ይሰማል። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የአገራችንና የጎረቤቶቻችን ታሪክ እንደሚመሰክረው፥ ሕዝብ የከፈለው ገንዘብ ምን እንደ ሠራ በዓይኑ ካየ በችግሩም ቀን ቢሆን ይከፍላል፤ ካላየ ግን ትንሿም ግብር ለጠብ ትበቃለች። ይህ ጽሑፍ ያንን ምስክርነት ባጭሩ ለማሰማት የተጻፈ ነው።

የክፉ ቀን ትምህርት

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ዘመን በሕዝባችን አፍ «ክፉ ቀን» ይባላል። ከባሕር ማዶ የገባ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ፤ ዝናቡ ቀረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን ቡቃያ በላ። በሬው ያለቀበት ገበሬ መሬት እያለው ማረስ አቃተው፤ የእህል ዋጋ ናረ፥ ሕዝብም በየመንገዱ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ አርአያ መሆናቸው በዘመኑ ታሪክ ተጽፎ ይገኛል።

ባላገሩን ከረኀቡ ባልተናነሰ ያስጨነቀው ሌላም ነገር ነበር፤ እርሱም በየቤቱ የሚመራበት ወታደር ነው። ወታደሩ የታወቀ ደመወዝ ስላልነበረው በባላገር ቤት ገብቶ የሚበላውንና የሚጠጣውን እንደ ልቡ ያዝዝ ነበር። ልኩ የማይታወቅ ግብር ማለት ይህ ነው፤ ገበሬው ሲዘራ፥ ከሚያጭደው ምን ያህሉ የራሱ እንደሚሆን አያውቅም። ንጉሠ ነገሥቱ ረኀቡ ጋብ ሲል ባላገር ከምርቱ ከዐሥር አንዱን እጅ ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባና ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ አዘዙ። ይህም አሥራት የተባለው ነው። የዐዋጁ ዋና ፍሬ ለዕዳ ልክ ማበጀቱ ነበር። ልክ ባለው ዕዳ ላይ ሰው ዕቅድ ያወጣበታል፤ ልክ የሌለው ዕዳ ግን ተስፋ ያስቈርጠዋል፥ እርፍ ያስጥለዋል።

ይሁን እንጂ በዐዋጅ የቆመው ልክ በማሳው ላይ ሁልጊዜ አልቆመም። የአሥራት ገማች እስኪመጣ ድረስ ገበሬው የደረሰ እህሉን እንዳያነሣ ይከለከል ስለ ነበር ሰብሉ በሜዳ ላይ ለዝናብና ለወፍ ይቀር ነበር፤ ገማቹም ግምቱን ዝቅ እንዲያደርግለት መማለጃ ማቅረብ የተለመደ ሆነ። ይልቁንም በደቡብ ባሉት አገሮች ገባሩ ከአሥራቱ በላይ የጌታውን ሁዳድ ማረስ፥ እህል መፍጨት፥ እንጨት ማቅረብና አጥር ማጠር ነበረበት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረታችን ያንን አስተሳሰብ በአራት ቃል ይናገረዋል። ማእዱ የሕዝብ መሆኑ ተረስቶ የሹመቱ ፍሬ ሆኖ ተቈጠረ። ከፋዩ በላቡ፥ ሹሙ በሹመቱ የሚኖሩ ሁለት ወገኖች ሆኑ፤ በመካከላቸው መተማመን ሊበቅል አልቻለም።

የጎጆ ግብር

በዚያው ዘመን በደቡብና በምዕራብ ያሉት ጎረቤቶቻችን በቅኝ ገዥዎች እጅ ወድቀው ስለ ነበር ግብር በሌላ መልክ መጣባቸው። የእነርሱን ታሪክ ስንጠቅስ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናስቀምጣለን። በ1890ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች በታንጋኒካ፥ በ1900 በተደረገው ውል እንግሊዞች በቡጋንዳ፥ በ1901ም በኬንያ በእያንዳንዱ ጎጆ ላይ ግብር ጣሉ። በቡጋንዳ ውል የአንድ ጎጆ ግብር በዓመት 3 ሩፒ ነበር።

ገንዘቡ ሲታይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው ማሽላና ከብት እንጂ ሩፒ አልነበረውም። ሩፒ ለማግኘት ወይ ምርቱን ገዥው በወሰነለት ዋጋ መሸጥ፥ ወይ ቤቱን ትቶ በሰፋሪው እርሻና በባቡሩ ሐዲድ ሥራ ላይ በቀን ሙያ መሰማራት ነበረበት። ግብሩ የመንግሥትን ወጪ ከመሸፈኑ ጋር ሰውን ከመሬቱ አውጥቶ ለሌላ የሚያሠራ ጅራፍ ሆነ፤ ይህንንም የዘመኑ ገዥዎች ራሳቸው አልሸሸጉትም። በታንጋኒካ በግብሩ ላይ ጥጥ በግዳጅ የማምረት ሥራ በተጨመረ ጊዜ በ1905 ሕዝቡ ጥጡን ከሥሩ እየነቀለ ተነሣ። «ማጂ ማጂ» በተባለው በዚህ ጦርነት እስከ 1907 ድረስ፥ ከውጊያው ይልቅ ሰብል በመቃጠሉ በመጣው ረኀብ፥ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ።

በኬንያም የጎጆው ግብር በየጊዜው እያደገ ሄዶ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 16 ሺልንግ ደረሰ። ንግዱ በተዳከመበት በ1921 ሰፋሪዎቹ የአፍሪካውያንን የቀን ሙያ ዋጋ በሢሶ ለመቀነስ ተስማሙ። ግብር ወደ ላይ፥ ደመወዝ ወደ ታች ሲሄድ በናይሮቢ የተቃውሞውን ድምፅ ያሰማው ሃሪ ቱኩ የተባለው ወጣት በመንግሥቱ ግምጃ ቤት የስልክ ሠራተኛ ነበር። ቱኩ በመጋቢት 1922 ታሰረ። ሊያስፈታው በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተተኵሶ በመንግሥቱ ቍጥር እንኳ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ግብሩ ወደ 12 ሺልንግ ዝቅ አለ። ሕዝቡ የከፈለው ግብር ለልጆቹ ትምህርት ቤት፥ ለበሽተኛው መድኃኒት ሆኖ ቢያየው ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። የባዕድ ገዥ ግብር ከሥራና ከክፍያ በቀር ሦስተኛው ትርጓሜ አልነበረውም፤ ማእዱ ባሕር ማዶ ነበርና።

የትምህርት ግብር

ጠላት ከአገራችን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ የተቋቋመው መንግሥት ባዶ ካዝና ተረከበ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬቱን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ በጋሻ 15፥ 10 እና 5 ብር አስከፈለ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ቀድሞ ገባሩ በጉልበቱና በእህሉ ይከፍል የነበረውን ልዩ ልዩ ግዴታ አስቀረ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ አሥራቱ በገንዘብ ተተምኖ 35፥ 30 እና 10 ብር በመደረጉ ጠቅላላው በጋሻ 50፥ 40 እና 15 ብር ሆነ። ጎጃም፥ በጌምድርና ትግራይ ግን እንደ ቀድሞ ልማዳቸው እንዲከፍሉ ተተዉ። በእህል ፋንታ ብር፥ በገማች ፋንታ የታወቀ ዋጋ መተካቱ የልክን ነገር ካሰብን ትልቅ እርምጃ ነበር።

ለእኛ መምህራን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዐዋጅ በኅዳር 1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር ዐዋጅ ነው። በዚህ ዐዋጅ በመሬት ላይ የተጣለው ገንዘብ ከሌላው የመንግሥት ገቢ ጋር ሳይቀላቀል ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፥ ይኸውም በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት እንዲሆንና በየስፍራው በሚቋቋም የትምህርት ቦርድ እንዲተዳደር ተወሰነ። በ1951 ዓ.ም. የተጣለው የጤና ግብርም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የትምህርት ግብር የከፈለ ባላገር ገንዘቡ የት ደረሰ ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ቆርቆሮው በፀሐይ የሚያንጸባርቀውን ቤት፥ በደወል የሚሰበሰቡትን ልጆች ማየት ይበቃዋል። ብዙዎቻችን፥ ወይም ያስተማሩን መምህራን፥ ፊደል የቈጠርነው በዚያ ገንዘብ በቆመ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ግብር መልካሙን ብቻ መናገር ግን ታሪክን ማጉደል ይሆናል። በሕጉ ከፋዩ ባለመሬቱ ሲሆን ብዙው ባለመሬት ዕዳውን ወደ ጭሰኛው ያሸጋግረው ነበር። ትምህርት ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በከተማ ስለ ነበረ፥ ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚያርሰው ሰው ለማያውቀው ልጅ ትምህርት ከፈለ፤ የገዛ ልጁ ግን ከብት ሲጠብቅ አደገ። ሰፊ ለም መሬት ያለው ጠቅላይ ግዛት ብዙ ሲሰበስብ፥ ደኻው ጠቅላይ ግዛት ጥቂት ሰብስቦ ጥቂት ትምህርት ቤት ሠራ። ግብሩ ፍሬውን ማሳየቱ መልካም ሆኖ ሳለ ፍሬው ለከፈለው ሁሉ እኩል አለመድረሱ ጕድለቱ ነበር።

ሁለት የማስጠንቀቂያ ዓመታት

በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አሥራትን አስቀርቶ ብዙ ያመረተ ብዙ፥ ጥቂት ያመረተ ጥቂት እንዲከፍል የሚያደርግ ነበርና። ዳሩ ግን በጎጃም ዐዋጁ ከባድ ዐመፅ አስነሣ። ገበሬው ገቢውን ለመገመት የሚመጣው ሹም መሬቱን ለመለካት፥ የለካውንም ርስት ነገ ለመንጠቅ የሚመጣ መስሎ ታየው። ከዚያ በፊት በሹማምንት ያየው በደል ይህን ፍርሃት እውነት አስመሰለው። መንግሥቱ ጦር ላከ፥ ከአየርም ደበደበ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር በ1961 ዓ.ም. ተሰረዘ። የተሻለው ሕግ የወደቀው ከከፋው ሕግ የበለጠ ስለ ከበደ አይደለም፤ ሕጉን ይዞ የመጣውን እጅ የሚያምን ሰው ስለ ታጣ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ነገሩ ከገጠር ወደ ከተማ፥ ከመሬት ወደ ገበያ መጣ። በዓለም የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር መንግሥት በቤንዚን ላይ ግማሽ ያህል ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም ሥራ አቆሙ፤ ማኅበራቸው ያነሣው የደመወዝን ነገርና አብዛኞቹ ልጆች ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ እንዲያቋርጡ ያሰበውን የትምህርት ዘርፍ ጥናት ነበር። የቤንዚኑ ዋጋ በከፊል ተቀነሰ፥ ጥናቱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ነገር ግን የተከፈተው በር አልተዘጋም፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ዘውዱ ወደቀ። በወሎ ሕዝብ በረኀብ ማለቁ ተሸሽጎ ቆይቶ በታወቀበት ወራት «ችግሩን ተካፈሉ» የሚል ቃል ሰሚ አላገኘም። ችግር የሚካፈሉት ድሎትንም የተካፈሉ እንደ ሆነ ነውና።

የቤት ወጪና የራስ ኃላፊነት

እስካሁን የሹሙን ድርሻ ተናገርን። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ፍርድ ሚዛናዊ ካልሆነ ፍርድ አይባልምና።

የአባቶቻችን ኑሮ ቍጥብ ነበር፤ ድግሳቸው ግን ቍጥብ አልነበረም። ለሠርግና ለተዝካር ሲባል የእርሻ በሬ የሸጠ፥ በአራጣ ተበድሮ ዕዳውን ለልጅ ልጅ ያወረሰ ቤተ ሰብ በየአገሩ ነበር። ሙት ዓመቱን ለማብላት የተሸጠ በሬ በሚመጣው ክረምት ማሳውን ጾም ያሳድረዋል። ዛሬም መልኩ ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልጠፋም። ሁለት ወር ደመወዝ የሚያህል ልብስ በብድር ገዝቶ፥ ለጎረቤት መታያ ድግስ ደግሶ፥ በወሩ መጨረሻ ለልጅ ደብተር የሚቸገር ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። የኑሮ ውድነት ከመንግሥትና ከዓለም ገበያ ቢመጣም፥ ከዚያ ላይ በገዛ እጃችን የምንጨምረው ሸክም መኖሩን መካድ አይገባም።

በአንጻሩ ሕዝባችን ያለማንም አዛዥነት ያቋቋማቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ዕቍብና ዕድር። ዕቍብ ሰው ዛሬ ሊያጠፋው የሚችለውን ገንዘብ ነገ ለሚጠቅም ሥራ እንዲያጠራቅም ያስገድደዋል። ዕድርም ሐዘን በወደቀበት ቤት ያለውን ወጪ ለብዙ ትከሻ ያካፍላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንደ ተባለ። የዕድርተኛውን ጠባይ ልብ ብለን እንመልከት። መዋጮውን በወሩ ያስገባል፤ ቢያዘገይ ይቀጣል፥ ቅጣቱንም ሳያጕረመርም ይከፍላል። ስለ ምን? ድንኳኑን፥ ድስቱንና ወንበሩን በዓይኑ ያየዋል፤ የገንዘብ ያዡ መዝገብ በጉባኤ ይነበባል፤ ዳኛው ቢያጠፋ ይሻራል። ያው ሰው ነው ከግብር ሰብሳቢ የሚሸሸው። ሰውዬው አንድ ሆኖ ሳለ ጠባዩ ሁለት የሆነው የሁለቱ ገንዘብ አያያዝ ስለ ተለያየ መሆኑን ማስተዋል ከባድ አይደለም።

በታንዛንያ ጁሊየስ ኔሬሬ፥ ራሳቸውም መምህር የነበሩ ናቸው፥ ይህን ነገር ተረድተውት ነበር። በ1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የብሔራዊ አገልግሎትን ግዴታ ተቃውመው በወጡ ጊዜ ተማሪዎቹን ከማባረራቸው ጋር የራሳቸውን ደመወዝ በመቶ 20 ቀነሱ። በየካቲት 1967 የወጣው የአሩሻ መግለጫም ራስን መቻልን ለሕዝቡ ሲሰብክ፥ መሪዎችን ደግሞ ሁለት ደመወዝ ከመቀበል፥ ቤት ከማከራየትና የኩባንያ አክሲዮን ከመያዝ ከለከለ። ኋላ ገበሬውን በግዳጅ በመንደር ማሰባሰቡ ምርቱን እንደ ጐዳው የታወቀ ነው። ነገር ግን ቍጠባን ከራስ የመጀመር አርአያነታቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። በኬንያም «ሐራምቤ» በተባለው የመረዳጃ ልማድ ወላጆች ገንዘባቸውንና ጕልበታቸውን አዋጥተው በመቶ የሚቈጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠርተዋል። የኋላ ኋላ ግን መዋጮው የፖለቲካ ሰዎች ምንጩ ያልታወቀ ሀብታቸውን የሚያሳዩበት አደባባይ እየሆነ ስለ ሄደ በ2003 የወጣ ሕግ የመንግሥት ሹማምንት መዋጮ እንዳይሰበስቡ ገደብ አደረገ።

ከጎተራ ወደ ደረሰኝ

በዘመናችን ግብር ከማሳው ወደ ሱቁ መጥቷል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1994 ዓ.ም. ታውጆ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ሸማች ሁሉ ከፋይ ሆኗል። የ100 ብር ዕቃ 115 ብር ሲሸጥ 15ቱ ብር የነጋዴው አይደለም፤ ነጋዴው ለመንግሥት እንዲያደርስ በአደራ የተቀበለው ነው። ሸማቹ ደረሰኝ ሳይቀበል የሄደ እንደ ሆነ ያ አደራ በመንገድ ይቀራል፤ ሸማቹ ከፍሏል፥ ሕዝቡ ግን አልተቀበለም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ» የሚለውን ነጋዴ የሚስማማ ሰውም፥ የልጁን ክፍል ወንበር በጥቂት ብር እንደ ሸጠ ይቈጠራል። የቀድሞው አሥራት ገማች ሄዶ በስፍራው እያንዳንዳችን ቆመናል፤ መማለጃውም በእኛ እጅ ነው ያለው።

ሆኖም የሸማች ግብር ሚዛኑ ለደኻ ይከብዳል። ደመወዙን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ለቀለብና ለልብስ የሚያወጣ ሰው ከገቢው የሚከፍለው እጅ፥ ግማሹን ከሚያጠራቅመው ባለጸጋ ይበልጣል። የደመወዝ ግብርም የራሱ ወጥመድ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ከ600 ብር በታች ያለውን የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ አድርጎ፥ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ በመቶ 35 ጣለ። በዚያን ጊዜ 10,900 ብር የትልቅ ባለሥልጣን ደመወዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እየረከሰ፥ ይልቁንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ስሙ ያደገ ደመወዝ የሚገዛው እህል አነሰ፤ ግብሩ ግን በስሙ ላይ ይቈረጥ ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ የዘገየ ቢሆንም ተገቢ ነው። የግብር እርከን ከገበያው ጋር የማይራመድ ከሆነ፥ ማንም ሳያውጀው የተጨመረ ግብር ሆኖ ይቀራልና።

የጎረቤታችን የቅርብ ጊዜ ታሪክም ሊታለፍ አይገባም። በ2024 የኬንያ መንግሥት በዕዳ ተጨንቆ ያቀረበው የገንዘብ ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ ዳቦን እንኳ የሚነካ ነበር። ወጣቶች በየከተማው ተነሡ፤ ሰኔ 25 ቀን ወደ ምክር ቤቱ ገቡ፥ ጥይት ተተኰሰባቸው፥ ብዙዎችም ሞቱ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። የወጣቶቹ ቍጣ በግብሩ ላይ ብቻ አልነበረም። የሹማምንቱን ውድ ሰዓትና መኪና እያሳዩ፥ ከፋዩ ሲቈጥብ ተቀባዩ ለምን አይቈጥብም ብለው ይጠይቁ ነበር። ከሃሪ ቱኩ ዘመን 102 ዓመት አልፎ፥ ባዕዱ ገዥ ሄዶ፥ በዚያችው ናይሮቢ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

ተቃራኒውንም አይተናል። የዓባይ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል፥ የውጭ ብድር ባልተገኘበት ሥራ ላይ የመንግሥት ሠራተኛው፥ መምህሩም ጭምር፥ የወር ደመወዙን ከፋፍሎ ቦንድ ገዛ፤ በውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችንም ገዙ። በመካከሉ የገንዘብ ብክነትና መዘግየት ነበረ፥ ቅሬታም ነበረ። ግን ሥራው በዓይን የሚታይ ስለ ነበር መዋጮው አልተቋረጠም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህ ሕዝብ ደኻ ቢሆንም መስጠት የማይችል አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

መደምደሚያ

እንግዲህ በችግር ዘመን ኃላፊነቱ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ታሪኩ የሦስት ሰዎች ነው ብሎ ይመልሳል። ከፋዩ ሳይሸሽ ይክፈል፥ ልኩንም ይወቅ። ሸማቹ ከአቅሙ በላይ አይደግስ፥ ደረሰኙንም አይተው። ሹሙም የሕዝብን ገንዘብ እንደ ዕድር ገንዘብ ያዥ በጉባኤ ያንብብ፥ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ይቈጥብ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚሰብክ ሰው እውነቱን ሸርፎ ይናገራል።

ለእኛ ለመምህራን ግን አራተኛ ነገር ይጨመርብናል። ገበሬው ጤፉን ሸጦ የከፈለው፥ እናቲቱ ከገዛችው ሳሙና ላይ የቀነሰችው ገንዘብ በመጨረሻ የሚደርስበት አንዱ ስፍራ የእኛ ክፍል ነው። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብሩን የከፈለው ባላገር ፍሬውን ያየው በቆርቆሮው ጣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ማታ ወደ ቤት መጥቶ የተጻፈለትን ደብዳቤ ባነበበለት ጊዜ ነው። ደወል ተደውሎ በመምህራን ማረፊያ የሚያወጋ መምህር፥ ሳይዘጋጅ ገብቶ ሰዓቱን የሚያሳልፍ መምህር፥ ደመወዙ ማነሱ እውነት ሆኖ ሳለ፥ በቀድሞው አዳራሽ ተቀምጦ የሰውን ማእድ ከሚበላው ሹም በምን ይለያል? ደመወዛችን እንዲሻሻል መጠየቅ መብታችን ነው፤ ማኅበራችንም ስለዚሁ ሲከራከር ኖሯል፥ ይከራከራልም። ጥያቄያችን ክብደት የሚኖረው ግን የአርባ ደቂቃዋን ትምህርት አሟልተን ስናስረክብ ነው።

ግብር ሥራ ነው፤ ግብር ክፍያ ነው፤ ግብር ማእድ ነው። ባላገሩ ሠርቷል፥ ከፍሏልም። ማእዱ በሰሌዳው ፊት ቀርቦ ይጠበቃል፤ ጠመኔውም በእጃችን ነው።